ከትንሹ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ፤ የክሬዲት ዝውውር ታሪክ በአሜሪካ

በአንድ ትንሽ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ የቀረውን በዩኒቨርሲቲ ለመፈጸም የሚሄድ ተማሪ ስንቁ ክሬዲት ነው። ስንቁ በመንገድ ከጎደለ የተማረውን እንደገና ይማራል፤ ጊዜውና ገንዘቡም በከንቱ ያልቃል። ይህ ጉድለት ከምን እንደመጣ ለመረዳት የዩናይትድ ስቴትስን የሁለት ዓመት ኮሌጆች ታሪክ ከመነሻው መመልከት ይገባል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1892 ትምህርት ሲጀምር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር የአራቱን ዓመት ትምህርት ለሁለት ከፈሉት። በ1896 የፊተኛው ክፍል ጁኒየር ኮሌጅ፣ የኋለኛው ሲኒየር ኮሌጅ ተባለ። ሃርፐር የፊተኛው ክፍል ከዩኒቨርሲቲው ቅጥር ውጭም ሊሰጥ እንደሚችል ያምኑ ነበር። በኢሊኖይ የጆሊየት ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ጄ. ስታንሊ ብራውንም አሳቡን ተቀብለው በ1901 በዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ የኮሌጅ ትምህርት አስጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ስድስት ብቻ ነበሩ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አሳቡ የመነጨው ከተቀባዩ ወገን መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ኮሌጆቹ በዙ። ካሊፎርኒያ በ1907 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይህን የመሰለ ትምህርት እንዲሰጡ በሕግ ፈቀደች፤ በ1910ም የፍሬዝኖ ኮሌጅ ተከፈተ። በ1960 የወጣው የካሊፎርኒያ የከፍተኛ ትምህርት ዕቅድ ደግሞ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሱት መካከል ከስምንቱ አንዱን እጅ እንዲመርጥ ሲወስን፣ የጁኒየር ኮሌጆችን በር ግን ለሁሉ ክፍት አደረገ። ስለዚህ በመጀመሪያ ላልተመረጠው ተማሪ ዝውውር ዋናው መንገድ ሆነ።

ነገር ግን መንገደኛው ሲበዛ የቀድሞው መቀራረብ ላላ። የአሜሪካ የመንግሥት ሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው መግለጫ፣ ከ2004 እስከ 2009 ከተቋም ወደ ተቋም የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ካሊፎርኒያ ይህን ለማቃለል በ2010 ባወጣችው ሕግ፣ ለዝውውር የተዘጋጀ የ60 ክሬዲት ዲግሪ ያገኘ ተማሪ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሦስተኛ ዓመት ተማሪነት እንዲገባ አረጋገጠች።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ክሬዲት በወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ይምሰል እንጂ በሁለት ተቋማት መካከል የተሰጠ ቃል መሆኑን ነው። ቃሉም መሰጠት ያለበት ተማሪው ትምህርቱን ሳይጀምር ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ከደረሰ በኋላ አይደለም።