የማዕዳችን ሕግና ልኩ

(ለአሽዶድ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በፋሲካ ዋዜማ የተላለፈ የቄስ የበዓል ቃል)

በዚህ በዓል ከግብፅ ባርነት የወጣንበትን ሌሊት እናስባለን። ኦሪት ያንን ሌሊት የምትተርክልን በማዕዱ ነው። ምን እንደ ተበላ፣ በምን እንደ በሰለ፣ ከማን ጋር እንደ ተቆረሰ፣ የተረፈውም ምን እንደ ሆነ አንድ በአንድ ትዘረዝራለች። እኛም ዛሬ ስለ ማዕዳችን፣ በተለይም ስለ ሥጋ፣ መጻሕፍት ያዘዙትን፣ አባቶቻችን በኢትዮጵያ የጠበቁትን፣ በዚህም አገር የገጠመንን በቅደም ተከተል ልናወሳ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያ ምዕራፍ ለሰው የተሰጠው ምግብ ዘር ያለው ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነበር። ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅና ለልጆቹ ነው፤ ይህም በ9ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ፈቃዱ ግን ብቻውን አልመጣም። የእንስሳ ነፍስ በደሙ ውስጥ ስለ ሆነች፣ ሥጋን ከደሙ ጋር መብላት በዚያው ሰዓት ተከለከለ። መጽሐፈ ኩፋሌም ይህንን ያጸናል፤ ኖኅ ለልጆቹ፣ አብርሃምም ለይስሐቅ ስለ ደም የሰጡትን ማስጠንቀቂያ ደጋግሞ ያነሣል። ይህ መጽሐፍ በመጀመሪያ በዕብራይስጥ እንደ ተጻፈ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት ቁርጥራጮች ይመሰክራሉ፤ ሙሉ ሆኖ ለዛሬው ትውልድ የደረሰው ግን በግዕዝ ነው። አባቶቻችን ስለ ደም እጅግ የተጠነቀቁት ያለ ምክንያት አልነበረም።

በኦሪት ዘሌዋውያን 11ኛ ምዕራፍና በኦሪት ዘዳግም 14ኛ ምዕራፍ ደግሞ የተፈቀደውና የተከለከለው በምልክት ተለይቷል። ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ይበላል፤ ከሁለቱ ምልክቶች አንዱ የጎደለው አይበላም። ስለዚህ በሬ፣ በግ፣ ፍየልና ሚዳቋ ሲፈቀዱ ግመል፣ ጥንቸልና አሳማ ተከልክለዋል። በውኃ ከሚኖረው ክንፍና ቅርፊት ያለው ይበላል። በጣና ሐይቅ የሚገኘውን ቅርፊት የሌለውን አምባዛና በአሽዶድ ባሕር የሚወጣውን ሽሪምፕ የሚከለክለን ቃል አንድ ነው። አገሩ ቢለወጥም ምልክቱ አልተለወጠም።

ይሁን እንጂ መጻሕፍት የሚናገሩት ስለ ዓይነቱ ብቻ አይደለም፤ ስለ ልኩም ይናገራሉ። በኦሪት ዘኁልቍ 11ኛ ምዕራፍ ሕዝቡ በምድረ በዳ ሥጋ ተመኝቶ ባለቀሰ ጊዜ ድርጭት በብዛት ወረደለት። ድርጭት የተከለከለ ወፍ አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን ሥጋው ገና በአፉ ሳለ ተቀሠፈ፤ ስፍራውም የምኞት መቃብር ተባለ። ኦሪት ዘዳግም በ12ኛ ምዕራፍ ነፍስ ሥጋ ስትሻ መብላት እንደሚቻል ይፈቅዳል፤ መጽሐፈ ምሳሌ ደግሞ በ23ኛ ምዕራፍ ከወይን ጠጪዎችና ከሥጋ ሆዳሞች ጋር እንዳንቀመጥ ይመክራል። ነቢዩ ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት የንጉሡን መብል ትተው አሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ቢወስዱ ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ ተገኘ። እንግዲህ የተፈቀደም ነገር ልክ አለው ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በዘመናችን የኦሪት የምግብ ሕግ ለጤና ሲባል ብቻ የተሰጠ ነው የሚሉ አሉ። ኦሪት ራሷ የምትሰጠው ምክንያት ግን ቅድስና ነው፤ እግዚአብሔር ቅዱስ ስለ ሆነ ሕዝቡም ቅዱስ እንዲሆን ነው። ሕጉን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ብቻ ብንቆጥረው፣ ማቀዝቀዣና የሥጋ ምርመራ በመጣ ጊዜ ሕጉ አብቅቷል ለሚለው ሰው መልስ አይኖረንም። ቢሆንም በቅድስና የሚበላ ሰው ቆም ብሎ ይበላል፤ ይጠይቃል፣ ይለያል፣ ይባርካል። ቆም ብሎ የሚበላ ደግሞ ልኩን ያውቃል።

አባቶቻችን በጎንደር፣ በሰሜን፣ በወልቃይትና በትግራይ ይህንን ሕግ የጠበቁት በብዙ ጭንቅ ነው። ከሌላ ወገን የታረደ ሥጋ አይበሉም፤ ቄስም ራሱ ካረደው በቀር ሥጋ አይቀምስም ነበር። ከሌላ ማዕድ የበላ ሰው ወደ ወገኖቹ የሚመለሰው ጾሞ፣ ቄሱ የሚሰጠውን ጥሬ ሽምብራ ብቻ ቀምሶ፣ ሰውነቱንና ልብሱን በወንዝ አንጽቶ ነበር። ጎረቤቶቻችን አትንኩኝ እያሉ የሰየሙን ስለዚህ ንጽሕና ነው። አባታችን ያዕቆብ ከመልአኩ ጋር ታግሎ ካነከሰ ወዲህ እስራኤል የማይበላውን የወርች ሹልዳ እኛም አንበላም ነበር። ጠቦትን በእናቱ ወተት አለመቀቀልን በተመለከተ አባቶቻችን ቃሉን እንደ ተጻፈ ይዘው ኖሩ፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ የመመገብንና በሥጋና በወተት መካከል ሰዓት የመቁጠርን ሥርዓት የተማርነው በዚህ አገር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ወጣቶቻችን እንዲያውቁት የምንፈልገው የጥሬ ሥጋን ነገር ነው። ቁርጥና ክትፎ በኢትዮጵያ የታወቁ፣ ለባለቤቶቻቸውም ክብር ያላቸው ምግቦች ናቸው፤ የቤተ እስራኤል ምግቦች ግን አልነበሩም። ዛሬ አንዳንድ ልጆቻችን ጥሬ ሥጋን የአያቶቻችን ባህል ነው ብለው ሲበሉ አያቶቻቸው ያልነበራቸውን ይሰጧቸዋል። ስለ ፋሲካው በግ በኦሪት ዘጸአት 12ኛ ምዕራፍ የታዘዘው በእሳት ተጠብሶ እንዲበላ ነው፤ ጥሬውም ሆነ ቅቅሉ ተከልክሏል። በንጉሥ ሳኦል ዘመን ከጦርነት የተመለሰ የተራበ ሠራዊት ከምርኮው እያረደ ከደሙ ጋር ቢበላ፣ ንጉሡ ትልቅ ድንጋይ አስመጥቶ በዚያ ላይ በሥርዓት እንዲያርዱ አዘዘ። ረኀብ እንኳ ሥርዓቱን አላፈረሰም። በጥሬ የበሬ ሥጋ የሚተላለፈው የኮሶ ትል በኢትዮጵያ ስንቱን መራራ ኮሶ ሲያስጠጣ እንደ ኖረ ሁላችን እናውቃለን፤ ሥጋውን አብስሎ የሚበላ ሰው ይህ በር ተዘግቶለታል።

ስለ ልኩም ቢሆን የአባቶቻችን ኑሮ ራሱ አስተማሪ ነበር። ብዙዎቹ ርስት የተነፈጉ ሆነው በጭሰኝነት ያርሱ፣ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማ ይሠሩ፣ ሸክላ ያበጁ ነበር። በሬ የማረሻ ጉልበት ስለ ሆነ በየዕለቱ አይታረድም። ሥጋ የበዓል፣ የሠርግና የተዝካር ምግብ ነበር፤ ሲታረድም ለጎረቤትና ለድሃ ይካፈላል። የዘወትር ምግባቸው እንጀራ፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ጎመን ነበር። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጾም ከሥጋና ከወተት መከልከል ሲሆን የእኛ ጾም ግን ከእህልና ከውኃ ሁሉ መከልከል ነው፤ ስለዚህ ሥጋችንን ልክ ያስያዘው የጾም ቀን ብዛት ሳይሆን ሕጉ፣ ድህነቱና መካፈሉ አብረው ነው።

ይህን ስንል የድሮውን ኑሮ ሁሉ ጤና ነበር ለማለት አይደለም። ከ1888 እስከ 1892 በዘለቀው ክፉ ቀን የከብት በሽታ የአገሩን ከብት ፈጅቶ፣ አንበጣና ድርቅ ተጨምሮበት፣ ከወገኖቻችን እጅግ ብዙ ሰው አልቋል፤ የተረፈውም ተበትኗል። ወባና ተስቦ ልጆቻችንን ይቀጥፉ ነበር። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ለመድረስ በሱዳን በኩል ስናልፍ በኡም ራኩባና በሌሎች መጠለያዎች የሞቱትም በሺዎች ይቆጠራሉ፤ በመንገዱ ሁሉ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። በዚያም ማንነታችንን ደብቀን በምንኖርበት ወራት ያልተፈቀደ ሥጋ ላለመብላት የተራቡ እናቶች ነበሩ። ረኀብ ምን እንደ ሆነ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ጥጋብን የምንፈራውም ረኀብን ረስተን አይደለም።

በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ወደ አገራችን ገባን። የዚህ አገር ሐኪሞች ገና የመጡትን ወገኖቻችንን ሲመረምሩ የስኳር በሽታ ከጥቂቶች በቀር አላገኙም ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በሽታው በመካከላችን በፍጥነት በዛ፤ በዕድሜ ያልገፉትንም ያዘ። ሐኪሞቹ ምክንያቱን በኑሮ ለውጡ ላይ አገኙት። በጤፍ ፋንታ ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ በውኃና በጠላ ፋንታ ጣፋጭ መጠጥ ገባ፤ ዘይትና ሥጋ በዛ፤ በእግር መሄድ ቀረ። ስለዚህም በ1998 ጤና ብሪኡት የተባለው ድርጅት ተቋቁሞ ስለ ስኳር በሽታና ስለ አመጋገብ በቋንቋችን ሲያስተምር ቆይቷል፤ ስሙም ጤና የሚለውን ቃል በአማርኛና በዕብራይስጥ አጣምሮ የያዘ ነው። በ2015 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ ቋሊማ ያለ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋ ካንሰር እንደሚያስከትል፣ ቀይ ሥጋም ሊያስከትል እንደሚችል አስታውቋል። በቋሊማው ላይ የካሽሩት ማኅተም አለ፤ ማኅተሙ ግን እንዴት እንደ ታረደ ይነግረናል እንጂ ምን ያህል እንብላ አይለንም። ያንን የሚነግረን ድሮ ድህነቱና ጎረቤቱ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ራሳችን ልንነግረው ይገባል።

የምንኖርባት ከተማ ራሷ ስለ ማዕድ የምትናገረው አላት። አሽዶድ በግዕዙና በአማርኛው መጽሐፍ አዛጦን የተባለችው፣ ከአምስቱ የፍልስጥኤማውያን ከተሞች አንዷ ናት። ከእነዚያ ከተሞች በአስቀሎናና በአቃሮን የተቆፈረው ምድር ከ3,000 ዓመት በፊት የተበላ የአሳማ አጥንት በብዛት ሲያወጣ፣ በዚያው ዘመን እስራኤል በሰፈረበት ደጋ በተቆፈሩት መንደሮች ግን የአሳማ አጥንት እምብዛም አይገኝም። ሕዝብ በማዕዱ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ከብዙ ዘመን በኋላም ነህምያ በመጽሐፉ በ13ኛ ምዕራፍ የአዛጦንን ሴቶች ካገቡ አይሁድ የተወለዱት ልጆች እኩሌታቸው በአዛጦን ቋንቋ እንደሚናገሩ፣ የአይሁድንም ቋንቋ እንደማያውቁ አይቶ አዘነ። እኛ ልጆቻችን ዕብራይስጥ በመናገራቸው ደስ ይለናል፤ የአባቶቻችን ማዕድ ምን ይናገር እንደ ነበር ግን ካልነገርናቸው ማዕዱ ለእነርሱ እንግዳ ቋንቋ ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ በዓል ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ ቂጣው በሚቆረስበት ሌሊት ለልጆቻችሁ ስለ ግብፅ ብቻ ሳይሆን ስለ አያቶቻቸውም ማዕድ ንገሯቸው፤ ደም አለመብላታቸውን፣ ሥጋ መካፈላቸውን፣ ስለ ንጽሕና የከፈሉትን ዋጋ ይወቁ። ሁለተኛ፣ በዓሉ ሰባት ቀን ነውና ሥጋውንና ጣፋጩን በልክ አድርጉት፤ ምስርና ሽምብራ ከቂጣ ጋር መብላት የአባቶቻችን ልማድ ስለ ነበር በዚህ አገር ከሚለምዱት ሰዎች ጋር ብትበሉት አታፍሩበት። ቂጣም ዱቄት ነውና ስኳር ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ሦስተኛ፣ ስኳር ወይም ደም ብዛት ያለባችሁ አባቶችና እናቶች፣ በስግድም ሆነ በአስተስርዮ ሐኪም ሳትጠይቁ አትጹሙ፤ መድኃኒታችሁንም አታቋርጡ። ኦሪት ዘሌዋውያን በ18ኛ ምዕራፍ ትእዛዙ የተሰጠው ሰው እንዲኖርበት ነው ይላል፤ በሕይወት የተገኘ ሰው ሕጉን ይጠብቃል፣ ለልጅ ልጁም ያስተምራል።

ከግብፅ በችኮላ ያወጣን፣ ከጎንደር ተራሮች እስከ አሽዶድ ባሕር ያደረሰን እግዚአብሔር ማዕዳችንን ይባርክልን፤ ለድውያኑ ፈውስን፣ ለቤተሰቡ ሰላምን፣ ለአገራችን ጸጥታን ይስጥልን። ለከርሞው በጤና ያድርሰን። አሜን።