በመርፌ ጫፍ የምትቀዳ ናሙና

«የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቲቢን ስለ ሆነ፣ የዛሬው ንግግራችን ካንሰር ስለሚባለው የሳንባ በሽታ መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1930 በኒው ዮርክ ሜሞሪያል ሆስፒታል የነበሩት ቀዶ ጠጋኙ ሄይስ ማርቲንና የሥራ ባልደረባው ኤድዋርድ ኤሊስ፣ ዕብጠትን በቢላዋ ሳይከፍቱ በመርፌ ጥቂት ሕዋሳት መጥጦ በማውጣት ካንሰርን መለየት እንደሚቻል ጽፈው አሳተሙ። ብዙዎች ሐኪሞች ግን መርፌው በሄደበት መንገድ ሁሉ ካንሰሩን ይዘራዋል ብለው ስለ ፈሩ ዘዴውን አልወደዱትም። ፍርሃቱን በይበልጥ ያቀለሉት ስዊድናውያን ናቸው። በስቶክሆልም በካሮሊንስካ፣ ሲክስተን ፍራንዜን ከ1950ዎቹ ጀምሮ በቀጭን መርፌ መሥራትን አስለመደ፤ ብዮርን ኖርደንስትሮምም በኤክስሬይ እየተመራ መርፌውን በደረት በኩል እስከ ሳንባ አደረሰው።

በዚያ ዘመን ለናሙናው የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነበረ። ካንሰር ነው ወይስ አይደለም? ከሆነስ ሕዋሱ ትንንሽ የሆነው ዓይነት ነው ወይስ ሌላው? ለዚህ መልስ በማይክሮስኮፕ የታዩ ጥቂት ሕዋሳት ይበቁ ነበርና፣ የናሙናው ማነስ እምብዛም አላስጨነቀም።

ነገሩ የተለወጠው በ2004 ነው። ጌፊቲኒብ የተባለው መድኃኒት አብዛኞቹን ሕሙማን ሳይረዳ፣ የጥቂቶቹን ዕጢ ግን በፍጥነት ሲያሟሽሽ ምክንያቱ አልታወቀም ነበር። በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄነራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች መድኃኒቱ ከረዳቸው 9 ሕሙማን በ8ቱ ዕጢ ውስጥ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. በተባለው ጂን ላይ ለውጥ አገኙ፤ ካልረዳቸው 7 ሕሙማን ግን በአንዱም አላገኙም። በ2007ም ጃፓናዊው ሂሮዩኪ ማኖና ባልደረቦቹ ኤ.ኤል.ኬ. የተባለው ጂን ከሌላ ጂን ጋር ያለ ቦታው ተጋጥሞ ካንሰር እንደሚያስነሣ ገለጹ።

ከዚህ ወዲህ ያችው ኢምንት ናሙና የብዙ ጥያቄዎች ባለዕዳ ሆነች። መርማሪው ሐኪም የበሽታውን ዓይነት በእርግጠኝነት ለመናገር ሲል ናሙናዋን እየሸነሸነ በልዩ ልዩ ማቅለሚያ ይፈትናታል፤ የጂኑ ተራ ሲደርስ የተረፈ ነገር አይገኝም። አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን ሰነድ ክፍሉ ሁሉ ሲፈልገው የሚሆነውን የመሥሪያ ቤት ሰው ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ እዚህ ሁለተኛ ቅጂ የሚገኘው በሽተኛውን ዳግመኛ በመውጋት መሆኑ ነው። የተወጋ ሳንባ አየር ሊያፈስ ይችላል፤ የደከመ ሰውም ለሁለተኛው መርፌ ላይደርስ ይችላል። በ2011 የወጣው ዓለም አቀፍ የአመዳደብ ሥርዓት ሐኪሞች በማቅለሙ ቆጥበው ለጂን ምርመራ እንዲያስተርፉ አሳሰበ። ከ2004 እስከዚያ ሰባት ዓመት ማለፉ ለእኛ ረጅም መስሎ ይታየናል።

ደግሞም በመርፌ የተቀዳው ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ደምና ጤነኛ ሕዋስ ይቀላቀልበታል። በ2013 ሦስት የሙያ ማኅበራት ያወጡት መመሪያ፣ ላቦራቶሪዎች ቢያንስ ከሕዋሳቱ 50 በመቶው ካንሰር በሆነበት ናሙና ላይ ለውጡን መለየት እንዲችሉ ይጠይቅ ነበር። በ2018 ሲታደስ ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ወረደ፤ በመስተዋት ላይ የተቀባ ናሙናም ለጂን ምርመራ እንደሚያገለግል ተፈቀደ።

መርፌው የታጠበበት ፈሳሽ በመኪና ተሽከርክሮ ሕዋሳቱ ከዘቀጡ በኋላ፣ ከላይ የሚቀረው ጥሩ ውሃ ይደፋ ነበር። በዚያ ውሃ ውስጥ ከፈረሱ ሕዋሳት የወጣ ዲ.ኤን.ኤ. መኖሩ ስለ ታወቀ፣ አንዳንድ ላቦራቶሪዎች አሁን ለምርመራ ያስቀምጡታል።