ሁለት ካራ በአንድ ዳስ፤ ስለ ወሎ ማዕድ ታሪክ

ባልንጀራን እንደ ራስ አድርጎ የመውደድ ትእዛዝ በብራና ላይ ተጽፎ በዐውደ ምሕረት ሲነበብ ሰሚውን ሁሉ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ያ ትእዛዝ በማጀትና በጓሮ እንዴት ሆኖ እንደ ተተረጐመ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ከቤተ መቅደሱ ደጅ ወጥቶ ድግስ ወደሚደገስበት ቤት መዝለቅ ግድ ይሆንበታል። በሃይማኖት የማይመስለውን ጎረቤቱን ጠርቶ እንዴት አድርጎ እንደሚያበላ የታየ ሕዝብ፣ የእምነቱ ፍሬ ታየ ማለት ነው። በዚህ ረገድ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ከወሎ የበለጠ የሚያስተምር ምድር ማግኘት ያዳግታል።

ወሎ ከጥንት ጀምሮ የሁለት ሃይማኖት አገር ናት። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ምእመናን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከየማዕዘኑ ተሰብስበው የሚሳለሙት የአምባሰሉ ግሸን ማርያም በዚያ ይገኛሉ። በአልብኮ በኩል ደግሞ ሼህ ሙሐመድ ሻፊ በ18ኛው መቶ ዓመት ያቀኑት፣ መውሊድ በመንዙማና በድቤ የሚከበርበት ጀማ ንጉሥ አለ፤ ዳናና ጌታ፣ ሾንኬም እንደዚሁ ደረሳ ከሩቅ አገር ኪታብ ሊቀራ የሚመጣባቸው የዕውቀት ቦታዎች ነበሩ። የቅዳሴው ደወልና የአዛኑ ድምፅ በአንድ ሸለቆ ውስጥ የሚገናኙበት አገር ስለ ሆነ፣ እዚያ የተወለደ ሕፃን የሌላውን ሃይማኖት ከመጽሐፍ አስቀድሞ በጎረቤቱ ፊት ላይ ያነበዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ጉርብትና ያለ ቁስል የኖረ አይደለም። ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት፣ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጎብኝቶ የጻፈለት የወሎው የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ በ1524 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ሠራዊት ተዘርፎ ነደደ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ የማስገደዱ ተራ ለክርስቲያኑ መንግሥት ደረሰ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል ያደረጉት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የውጭው ጠላት በአገር ውስጥ ካለው ሙስሊም ጋር ይመሳጠር ይሆናል የሚል ስጋት ስላደረባቸው፣ የመንግሥት አንድነትም ያለ ሃይማኖት አንድነት አይጸናም ብለው ስላመኑ፣ በግንቦት 1870 ዓ.ም. በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። በዚያም በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መካከል ብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረው የልደት ነገር ለተዋሕዶ ተፈርዶ ካበቃ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታወጀ። የወሎው ገዥ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ክርስትና አንሥተዋቸው ሚካኤል ተባሉ፤ ተፎካካሪያቸው አባ ዋጠውም በንጉሥ ምኒልክ የክርስትና ልጅነት ኃይለ ማርያም ተባሉ።

መኳንንቱ በስምና በሹመት የተቀበሉትን ነገር ሕዝቡ በልቡ አልተቀበለውም። እነ ሼህ ጠልሃ ዐምፀው ወጡ፤ ሌላው አገር ለቆ ተሰደደ፤ የቀረውም ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆኖ፣ በሰው ፊት ማተቡን አስሮ፣ በሩን ሲዘጋ ሰላቱን ሰግዶ ኖረ። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ ግዴታው ላላ፤ ብዙዎችም በግልጥ ወደ ቀደመው ሃይማኖታቸው ተመለሱ። ከነጭራሹ ያልተመለሱም ነበሩና፣ አያቱ ሙስሊም፣ አባቱ ክርስቲያን፣ አጎቱ ደግሞ ሐጂ የሆነ የአንድ ጎጆ ዘር በየቀበሌው በዛ። እንዲህ ያለው ቤተ ዘመድ በሠርግና በለቅሶ ሳይገናኝ ሊኖር አይችልም፤ ሲገናኝም ሁሉ የሚበላው ነገር ሊኖር ይገባል። በአገሩ የጸናው የሁለቱ ወገን ልማድ ግን አንዱ የሌላውን እርድ እንዳይበላ የሚከለክል ነበር።

የወሎ ሰው ይህን ቋጠሮ የፈታበት ጥበብ ከየትኛውም ጉባኤ ውሳኔ ይልቅ ዕድሜው ረዘመ። ድግሱ የክርስቲያን ከሆነ፣ ባለ ድግሱ ከሠርጉ ቀን አስቀድሞ ወደ ሙስሊም ጎረቤቱ ቤት ሄዶ ይጠራል፤ ወይፈኑን ወይም ሙክቱንም ከነነፍሱ ያስረክባል፤ ካስረከበ በኋላ በዚያ እንስሳ ላይ የሚያዝዘው ነገር የለም። ጎረቤቱ ከወገኑ መካከል ዐራጅ መርጦ፣ ካራውን ከቤቱ አምጥቶ፣ ከብቱን ወደ ቂብላ አዙሮ፣ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። ሥጋው በሙስሊም ሴቶች እጅ፣ ከሙስሊም ቤት በመጣ ድስት፣ ለብቻው በተጎለተ ጉልቻ ላይ ይሠራል፤ ማማሰያው እንኳ ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው አይሻገርም። በሌላው ጓሮ ደግሞ የክርስቲያኑ በሬ በሥላሴ ስም ተባርኮ ይታረዳል። ለአንዱ ጠላና ጠጅ ሲጠመቅ ለሌላው ብርዝና ቀሪቦ ይሰናዳል። እንጀራው ግን የጋራ ነው፤ ዳሱም የጋራ ነው፤ ምሰሶውን ሲተክሉና ቅጠሉን ሲያለብሱ የዋሉት ከሁለቱም ወገን ያሉ ጎረምሶች ናቸውና።

ድግሱ የሙስሊም ሲሆንም ሥርዓቱ ያው ነው፤ በጉ ለክርስቲያን ጎረቤት ይሰጣል፤ ባርኮ የሚያርደውም እርሱ ነው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ ወይም 55ቱ የሁዳዴ ቀኖች ከገቡ፣ የቤቱ እመቤት ቅቤ ባልነካው ድስት ሽሮና ምስር በዘይት ሠርታ ለጾመኛው ታቀርባለች። እርሷ ራሷ ያን ጾም አትጾምም፤ ነገር ግን የጾሙን ሕግ ከአንዳንድ ክርስቲያን ይልቅ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። የዚህ ሁሉ ድካም ዋና ተሸካሚዎች ሴቶች እንደ ነበሩም ሳይነገር መታለፍ የለበትም፤ የታሪክ መጻሕፍት ስለ ጉባኤና ስለ ዘመቻ ሲተርኩ፣ ሁለቱን ወገን በአንድ ዳስ ያስቀመጠው ሥራ በማጀት ነበረ።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው መልእክት ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ተጠይቆ ሲመልስ፣ ጣዖት ከንቱ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሁሉን ሊበላ ሥልጣን እንዳለው ሳይሸሽግ፣ የመብላቱ ነጻነት የባልንጀራውን ሕሊና የሚያቆስል ከሆነ ግን ነጻነቱን እንዲተው መክሯል። ሐዋርያው ይህን የጻፈው ምእመናን እርስ በርሳቸው ስለሚኖሩበት ሥርዓት ነው። የወሎ ክርስቲያን መጽሐፉን ባያነብበውም መንፈሱን ይዞ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ አሻገረው፤ ጎረቤቱ ከተሳሳተ ሃይማኖት ነው ብሎ እያመነም፣ የዚያን ጎረቤት ሕሊና እንደ ራሱ ሕሊና አከበረ። ጌታችንም በምሳሌው በመንገድ ወድቆ የነበረውን ቁስለኛ ያነሣው ሰው አይሁድ የሚንቁት ሳምራዊ መሆኑን ሲናገር፣ ደግነት በአንድ ወገን ድንበር ተከልሎ እንደማይቀር አስተምሯል፤ ያም ሳምራዊ ዘይትና ወይኑን ያፈሰሰው፣ ለእንግዳ ማረፊያውም ጌታ ሁለት ዲናር የከፈለው ከራሱ ኪስ ነበር።

በወሎው ማዕድም ቢሆን ነገሩን ከባዶ ቸርነት የሚለየው ወጪውና ድካሙ በጠሪው ላይ መሆኑ ነው። እንግዳው ሕጉን እንዲተው አይለመንም፤ ጾሙን ጠብቆ ሳይቀምስ እንዲወጣም አይተውም። ጠሪው ሁለት ከብት ያወጣል፣ ሁለት ማጀት ያስነሣል፣ በገዛ ደጁ የእርሱ ባልሆነ ሥርዓት የፈጣሪ ስም ሲጠራ ዝም ብሎ ይቆማል። ይህን የሚያደርግ ክርስቲያን ከሃይማኖቱ ምንም አላጎደለም፤ እርሱም ከጎረቤቱ እርድ አይቀምስምና።

አጥሩ ራሱ ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ ቆሞ እንዳልኖረም ታሪክ ይመሰክራል። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ ብዙ ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው እያለ ይሸሸው ነበር፤ ካህናቱም ይከለክሉት ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ክልከላው እየላላ ሄዶ፣ ዛሬ ቡና የሁለቱ ወገን ጎረቤታሞች በየቀኑ የሚጠራሩበት ማዕድ ሆኗል። የእርዱ ልዩነት ግን እንዳለ ነው፤ በአዲስ አበባም በሥጋ ቤቱ ደጅ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ተሥሎ ለገበያተኛው ይነግረዋል።

እንግዲህ ሁለት ድስት መጣድ ያው መለያየት ነው፣ እውነተኛ ፍቅር ቢኖር ኖሮ ሁሉ ከአንድ ድስት በበላ ነበር የሚል ቢኖር፣ ቦሩ ሜዳን ያስታውስ። ሁሉን ከአንድ ድስት ለማብላት በመንግሥት ኃይል የተሞከረው በዚያ ነበር፤ ያተረፈውም ማታ በር ዘግቶ የሚሰግድ ሕዝብና በአንድ ጣራ ሥር የሚፈራራ ዘመድ ነው። አንድ የማድረግ ዐዋጅ ከባለቤቱ ሞት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሲረሳ፣ ልዩነትን አክብሮ የሚያበላው ልማድ ግን ማንም ጠባቂ ሳይሾምለት ከእናት ወደ ልጅ ተላለፈ። በዚህ ዘመን ስለ መቻቻል የሚሰብክ ክርስቲያን ሁሉ፣ ጎረቤቱን ስለ ሃይማኖቱ አለመንቀፉን እንደ ትሩፋት ከመቁጠሩ በፊት፣ ለጎረቤቱ ሕሊና ሲል ከገዛ ኪሱ ምን እንዳወጣና በገዛ ቤቱ ምን እንደ ደከመ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ የወሎ ባላገር ፍቅረ ቢጽን የሚለካው በዚህ ነበርና።