ስለ ድፎ ዳቦና ስለ ምጣዱ

በየአገሩ ለበዓል የሚቀርብ የጣፈጠ ዳቦ አለ፤ የሚጋገርበትም ዕቃ እንደየአገሩ ልማድ ይለያያል። የአውሮጳ ባለሙያዎች ሊጣቸውን በቆርቆሮ ቅርጽ ውስጥ ይጋግራሉ። በምሥራቅ ጎጃም፥ በጎንቻ ሲሶ እነሴ፥ በጉንደ ወይንና በአካባቢው ግን ይህን ስፍራ የያዘው ድፎ ዳቦ ነው፤ የሚጋገረውም በሸክላ ምጣድና በኮባ ቅጠል ነው።

ድፎ ዳቦ ለዘመን መለወጫ፥ ለክርስትና፥ ለሠርግና ለማኅበር ይጋገራል። የስንዴው ዱቄት በእርሾ ይቦካል፤ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ይገባበታል፤ ማር የሚጨምሩበትም አሉ። በምጣዱ ላይ ኮባ ይነጠፋል፤ ሊጡ ይደረግበታል፤ ዳግመኛም በኮባ ይሸፈናል። ከዚያም ሌላ ምጣድ ይደፋበትና ከላይም ከታችም እሳት ይነድለታል። መከራ ከሁለት ወገን የመጣበት ሰው በድፎ ዳቦ መመሰሉ ከዚህ የተነሣ ነው። ኮባው ሊጡ ከሸክላው እንዳይጣበቅ ይከለክላል፤ እርጥበቱን ይጠብቃል፤ መዓዛውንም ያወርሰዋል።

ኮባ የእንሰት ወገን ነው። የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፥ ከዓባይ በስተ ምዕራብ በሜጫ አገር እንሰት የሕዝቡ ዋና ምግብ እንደ ነበረ ጽፏል። ዛሬ በጎጃም ጓሮ የሚተከለው ለቅጠሉ ነው፤ ምግብነቱ ቀርቶ የዳቦ ልብስ ሆኖ ኖረ።

ምጣዱን የምትሠራው ሸክላ ሠሪዋ ናት። ጭቃውን ከተፈጨ ገል ወይም ከአሸዋ ጋር ለውሳ በእጅዋ ታበጃለች፤ አድርቃም በእሳት ትተኵሳለች። የገዛችውም እመቤት በጎመን ዘር አሟሽታ ለሥራ ታደርሰዋለች።

እንግዲህ የሚያሳዝነው ነገር ከዚህ ላይ ነው። ዳቦው ተባርኮ በክብር ሲቈረስ፥ የምጣዱ ሠሪ ግን «ቡዳ» እየተባለች ትሰደብ፥ ከጋብቻም ትገለል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ የእጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብ ከለከሉ። ሆኖም ዐዋጅ ብቻውን የቈየ ልማድን ፈጥኖ አይሽርም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ስሙን ከኢጣልያ ቋንቋ ያገኘው ፉርኖ በየከተማው ገብቷል፤ የብረት መጋገሪያና የኤሌክትሪክ ምጣድም ተከትለዋል። ማገዶንና የሴቶችን ድካም ስለሚቀንሱ የሚነቀፉ አይደሉም። አባቶች «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለዋል፤ ነገር ግን ምጣዱና ኮባው ሲለወጡ የድፎው ጣዕምም መለወጡን የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ይህ ጣዕም እንዲኖር የምንወድ ከሆነ፥ አስቀድመን ሠሪዋን እናክብር። በስድብ የተማረረች እናት ሙያዋን ለልጅዋ ለማውረስ አትጓጓም። ዳቦ ሲቈረስ ለጋጋሪዋ «እጅሽ ይባረክ» የምንለው ምርቃት፥ ጭቃውን ለለወሰችውም እጅ የሚገባ ነው።