የቢጫ ወባ ክትባት በሩማቲክ ሕሙማን

እንደ ሩማቶይድ አርትራይተስና ሉፐስ ባሉ፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን በሚያጠቃባቸው በሽታዎች ለተያዙ ሰዎች ክትባቱ የሚሰጥበትን ወይም የሚከለከልበትን ሁኔታ የሚለይ የሕክምና ውሳኔ ነው። ክትባቱ ማክስ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1937 ያዘጋጀው 17ዲ የተባለ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው፤ ችግሩም ከዚህ ይመነጫል። ለእነዚህ በሽታዎች የሚሰጥ እንደ ሪቱክሲማብ ወይም ከፍተኛ መጠን ያለው ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት የሰውነት መከላከያን ሲያዳክም ቫይረሱ ያለ ልጓም ሊራባና ጉበትን ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ በአብዛኛው አይሰጥም፤ የግድ ካስፈለገ ሕክምናው ከመጀመሩ ቢያንስ 4 ሳምንት ይቀድማል።

ጉዳዩ ለወለጋ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ 30,000 ያህል ሰው የገደለው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ የወለጋን የዴዴሳ ሸለቆም ነክቷል። መከተብ ለማይችል የሲሬ ወይም የነቀምቴ ሕመምተኛ የሚቀረው በሽታውን ከምታስተላልፈው ከኤዴስ ትንኝ መጠበቅ ነው፤ ትንኟ ቀን ስለምትነድፍ የአልጋ አጎበር እምብዛም አይረዳም።