ምላጩ ቢቀቀልስ?

የማኅበራችን አዘጋጆች ለዘንድሮው መጽሔት ስለ ሐኪምና ስለ ቀዶ ሐኪም የሙያ ሥነ ምግባር ታሪክ ነክ ነገር ጻፊ ሲሉኝ፣ ብዙዎቻችሁ ሂፖክራተስን እንደምትጠብቁ ገምቻለሁ። ስለ እርሱ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በጥንቱ መሐላ ውስጥ ሐኪሙ የፊኛ ጠጠር ለሚያሠቃየው ሰው እንኳ ቢሆን ምላጭ አላነሣም፣ ለሥራው ባለቤቶች እተዋለሁ ብሎ ይምላል። ያልሠለጠንኩበትን አልቆርጥም ማለት ነው። ጥሩ መሐላ ነው። እኔ ካደግሁበት ከዳምቦያ የሚመጣው ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል፦ መቁረጡን በደንብ የሚችል ሰውስ መቼ ነው አልቆርጥም ማለት ያለበት?

በከምባታ ሴት ልጅን የምትገርዘው ሴት እኮ ከመንገድ የተጠራች ሰው አልነበረችም። ሥራውን ከታላቆቿ እያየች ተምራለች፤ ይከፈላታል፣ ትከበራለች፣ እጇም ፈጣን ነው። መሠልጠን፣ ዋጋ መቀበልና መከበር ብቻ ባለሙያ የሚያሰኝ ቢሆን ኖሮ እሷም ባለሙያ ናት። (እንጥል ቆራጩንና ግግ አውጪውንም ጨምሩበት። ኢንተርን ሳለን ድንገተኛ ክፍል የተቀበልናቸውን ሕፃናት መቼም አልረሳችኋቸውም።) ከምላጩ በኋላ የሚመጣውን ደግሞ እናውቀዋለን። ደሙ አልቆም ይላል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከዓመታት በኋላም ጠባሳው ምጥ ላይ ይቀደዳል።

ይህን ታሪክ የቀየሩት ከምባታዊቷ ቦጋለች ገብሬ ናቸው። ውኃ ልቀዳ ነው እያሉ ተደብቀው ፊደል የቆጠሩ፣ በልጅነታቸው ተገርዘው ደም ፈሷቸው ለጥቂት የተረፉ ሴት ናቸው። ኢየሩሳሌም በሚገኘው ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂ ተምረው አሜሪካ ተሻገሩ። ከዚያ ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር «ከምባቲ ሜንቲ ገዚማ»ን መሠረቱ። ሐኪም አልነበሩም። የሠሩት ግን ከብዙ ሐኪም የተሻለ ሕክምና ነው ብል የሚቀየመኝ ያለ አይመስለኝም።

እንዴት ጀመሩ? ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ሴቶች ጤና ሊያወሩ ሲመጡ፣ ሽማግሌዎቹ የነገሯቸው ሌላ ችግር ነበር። ድልድይ የለንም፣ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴውም ገበያ መድረስ አልቻለም አሏቸው። እሳቸውም ገንዘብ አፈላልገው ድልድዩ ተሠራ። እኛ በካርድ ላይ «ቺፍ ኮምፕሌይንት» ብለን በአንድ መስመር የምናልፈው ነገር ይኼው ነው። በሽተኛው የመጣበትን ሳትሰማ አንተ የፈለግኸውን ብታክም ሁለተኛ አይመጣም። ከድልድዩ በኋላ ሕዝቡ ለማኅበረሰብ ውይይት ተቀመጠ፤ ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ገራዥ ሳይቀር። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንዲት ሙሽራ አልተገረዝኩም የሚል ጽሑፍ በአደባባይ ለብሳ ተዳረች፤ ሙሽራውም ያልተገረዘች በማግባቴ ደስ ብሎኛል የሚል ለበሰ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የዩኒሴፍ ጥናት፣ በአካባቢው 97 ከመቶ የነበረው የግርዛት ደጋፊ ከ5 ከመቶ በታች መውረዱን አሳየ።

ሕጉም መጣ። በግንቦት 1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ሴትን የገረዘ ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ይቀጣል ይላል። ለ500 ብሩ ያላችሁን አስተያየት ለራሳችሁ ያዙት።

ለእኛ ፈተናው የመጣው ከዚህ ወዲህ ነው። ገራዥዋ ምላጯን ስትጥል ዓይን ሁሉ ወደ ነጭ ጋዋን ዞረ። እኛ ዘንድ ማደንዘዣ አለ፣ ጓንት አለ፣ የተቀቀለ መሣሪያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ገና እ.ኤ.አ. በ1982 የጤና ባለሙያ ይህን ድርጊት በምንም ሁኔታ እንዳይፈጽም አቋሙን አሳውቆ ነበር፤ የእኛም ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2009 ዓ.ም. በመንግሥትም በግልም ተቋም እንዳይሠራ ከልክሏል። ያም ሆኖ ጥያቄው በቤተሰብ በኩል ይመጣል። እኔን የጠየቀችኝ አክስቴ ናት፣ ለመስቀል አገር ቤት ገብቼ።

«አንቺ የተማርሽ ልጃችን አይደለሽ? በንጹሕ ዕቃ፣ ሳያማት ብትሠሪላት ምን አለበት? የወንዱንስ በጓንት ትሠሩ የለም ወይ?»

ጥያቄዋ ተራ አይደለም። የወንዱን በእርግጥ እንሠራለን፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2007 ለኤች አይ ቪ መከላከያ ይረዳል ብሎ መክሮበታል። ስለዚህ «ክልክል ነው» ብዬ ሕጉን ልጠቅስላት አልፈለግሁም። እስክሪብቶ አምጥቼ ሁለቱን አካል ጎን ለጎን ሣልኩላት። ከወንዱ የሚነሣው ሸፈን ነው፤ ከሴቷ የሚቆረጠው ራሱ ስሜት ያለው አካል ነው፣ ለእርሷ ምንም የሚጠቅማት ነገር የለም። ማደንዘዣው ሕመሙን ለአንድ ሰዓት ይወስደው ይሆናል እንጂ የተቆረጠውን አይመልስም። ቀዶ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ አካል መቆረጥ ያስፈልገዋል ወይ?» ብሎ ነው፣ መሣሪያው ንጹሕ ነው ወይ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል አልኳት።

አክስቴ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ያዘችው። ከዚያ «ታዲያ ይሄን ድሮ፣ እኛ ልጆች ሳለን፣ የሚነግረን ጠፍቶ ነው?» አለችኝ።

አዲስ የሚመደቡልኝን አዋላጅ ነርሶች ሳሠለጥን ያንን ሥዕል ሰሌዳ ላይ እደግመዋለሁ። አንቀጽ 565ን የማነብላቸው ከእርሱ ቀጥሎ ነው።