ኳድራቲክ ውስጥ አራት የት አለ?

አሰላ ላይ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ኳድ አራት ከሆነ ኳድራቲክ እኩልዮሽ ላይ ለምን ኤክስ ስኩዌር ብቻ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ስሙ ያሳስታል። የላቲኑ ኳድራቱስ በእርግጥ ከአራት ይወለዳል፤ የሚጠራው ግን አራት እኩል ጎን ያለውን ቅርጽ ነው። ከዚያው ግንድ ፈረንሳይኛ ካሬን አወጣ፤ እኛም ተዋስነው «200 ካሬ ቦታ» እያልን ደላላ እናስሮጥበታለን። ኳድራቲክና ካሬ የአንድ አያት ልጆች ናቸው ማለት ነው፤ ኤክስ ስኩዌርም ጎኑ ኤክስ የሆነ ካሬ ስፋት ነው።

ዝምድናው መሬት ላይ ይታያል። ከጭላሎ ግርጌ ያለ የስንዴ ማሳ አንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ግድም፣ ይሁን፤ 2,500 ካሬ ሜትር። ርዝመቱ ከወርዱ በ75 ሜትር ቢበልጥስ? ወርዱን ኤክስ እንበል፤ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 75 ኤክስ 2,500 ይሆናል። ሁለት መልስ ይወጣል፤ 25 እና ነጌቲቭ 100። በነጌቲቭ ወርድ የሚያርስ በሬ ስለሌለ ማሳው 25 በ100 ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን አል ኽዋሪዝሚም እንዲህ ያለውን እኩልዮሽ የሚያስረዳው ካሬ እየሣለ ነበር።

«የሁለተኛ ደረጃ እኩልዮሽ» የሚሉ አሉ፤ አልተሳሳቱም፣ ግን ትምህርት ቤቱን ነው የሚያስታውሰኝ። ለእኔ «ካሬያዊ እኩልዮሽ» ይሻላል። ካሬ ራሱ ውሰት ነው የሚለኝ ካለ፣ የመሬት ደላሎች አማርኛ ካደረጉት ቆይተዋል።